ልክ በጆሮ የሚሠራ ማዳመጫ፤ ከጉዞ በፊትና በጉዞ ላይ



የዚህን ወር ርዕስ የሰጡን አንዲት እናት ናቸው። ስልክ ደውለው እንዲህ አሉን፦ «ልጄ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ በነሺዳ ቡድን ውስጥ ያዜማል። ቡድኑ ወደ ውጭ አገር ሄዶ በተለያዩ ከተሞች ለሦስት ሳምንት ያህል ዝግጅት ሊያቀርብ ነው። ለዚህም እያንዳንዳቸው በጆሯቸው ልክ የተሠራ ማዳመጫ እንዲገዙ ተነግሯቸዋል። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ከዋጋው በላይ ያሳሰበኝ ግን ጆሮው ነው። ጆሮ ውስጥ ተወትፎ የሚያመሽ ነገር አያደነቁረውም ወይ? እሱማ አሁንም ቢሆን ሰርግ ላይ አዚሞ በመጣ ቁጥር ጆሮዬ ይጮኻል እያለ ነው የሚያድረው።»

እህታችን የጠየቁን ስለ ማዳመጫው ነው፤ እንመልሳለን። ነገር ግን በመጨረሻ እግረ መንገዳቸውን የጣሏት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጥያቄው ሁሉ ትበልጣለች። በመሆኑም ከእርሷ እንጀምር።

ጆሮ ለምን ይጮኻል?

በውስጠኛው የጆሮ ክፍላችን ቀንድ አውጣ የሚመስል፣ በፈሳሽ የተሞላ ጠምዛዛ አካል አለ። በውስጡ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። ድምፅ ሲመጣ ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ ጫፎቹም ይጎነበሳሉ፤ መልእክቱ በነርቭ አማካኝነት ወደ አንጎል ይሄዳል። ድምፁ በጣም ሲበረታ እነዚህ ሕዋሳት እንደተረገጠ ሣር ይተኛሉ። ሣር አንድ ጊዜ ቢረገጥ አድሮ ቀና ይላል። በየቀኑ በዚያው ላይ ከተሄደበት ግን ነጭ የእግር መንገድ ይሆናል፤ ተመልሶ አይበቅልም። የሰው ልጅ የጆሮ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላ አይተኩም።

ከዝግጅት በኋላ የሚሰማው ጩኸት፣ ወይም ጆሮ ውስጥ ጥጥ የተወተፈ ያህል ድምፅ መታፈኑ፣ ሣሩ መተኛቱን የሚናገር ምልክት ነው። በማግስቱ ስለጠፋ ብቻ «ዳንኩ» ማለት አይቻልም። የእህታችን ልጅ ደግሞ ይህ የሚደርስበት አንድ ጊዜ ሳይሆን «በመጣ ቁጥር» ነው። ስለዚህ ልጁ አሁን እየተጎዳ ያለው ገና ባልገዛው ማዳመጫ ሳይሆን በአዳራሹ ሞንታርቦ ነው ማለት ነው።

ምን ያህል ድምፅ ለምን ያህል ጊዜ ይፈቀዳል ለሚለው የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ አለ። ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ለልጆች ወደ 75 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ቁጥሩ በ3 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ጉልበት በእጥፍ ስለሚያድግ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 90 ዴሲቤል በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ፣ 95 ዴሲቤል አንድ ሰዓት ከሩብ፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ልብ በሉ፤ በቀን ሳይሆን በሳምንት ነው! ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው። በትልቅ ሞንታርቦ አጠገብ የቆመ አዜሚ ግን መቶን ማለፍ አይቸግረውም። አንድ ሰርግ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለእናንተ አንነግራችሁም።

ማዳመጫው ለምን ተፈለገ?

መድረክ ላይ የቆመ ሰው የራሱን ድምፅ ካልሰማ ዜማውን ይስታል። ለዚህም ሲባል ፊቱን ወደ አዜሚው ያዞረ ሌላ ሞንታርቦ እግሩ ሥር ይቀመጥለታል። ያኛው ሲጮህ ይኼኛው መብለጥ አለበት፤ ድቤውም ከሁለቱ ለመብለጥ ይታገላል። እንዲህ እያለ ሁሉም ይወጣል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ኢን ኢር ሞኒተር የሚባለው መሣሪያ የመጣው ይህንን ሽቅድምድም ለማስቀረት ነው። የጆሮውን ቀዳዳ ገጥሞ የውጭውን ጩኸት ያግዳል፤ የአዜሚውን ድምፅ ደግሞ በቀጥታ ለጆሮው በቀስታ ያደርስለታል። ወገቡ ላይ በታሰረች ትንሽ መቀበያ አማካኝነት ድምፁ ያለ ገመድ ከሚክሰሩ ይመጣል።

በጆሮ ልክ የሚሠራው ዓይነት በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ጄሪ ሃርቪ የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ ቫን ሄለን ለተባለው የሮክ ቡድን ይሠራ ነበር፤ የቡድኑ ከበሮ መቺ አሌክስ ቫን ሄለን በመድረኩ ጩኸት ሲቸገር አይቶ መሣሪያውን ሠራለት። «አልቲሜት ኢርስ» የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። በብዙዎቹ ማዳመጫዎች ውስጥ ያለችው ጥቃቅን ድምፅ አመንጪ ከየት የመጣች ይመስላችኋል? አያቶቻችን ጆሮ ላይ ከምናያት የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ነው። እንግዲህ ለደከመ ጆሮ የተፈለሰፈ ነገር ጤነኛውን ጆሮ ለመጠበቅም አገለገለ ማለት ነው።

ስለዚህ እህታችን፣ ለጥያቄዎ አጭሩ መልስ፣ በደንብ ከገጠመና ድምፁ ዝቅ ካለ ማዳመጫው ከሞንታርቦው ይሻለዋል የሚል ነው። ካልገጠመ ወይም ድምፁን ከፍ ካደረገው ግን ሞንታርቦውን ጆሮው ውስጥ አስገባው ማለት ነው። መሣሪያው ብቻውን ማንንም አይጠብቅም።

ልክ አወሳሰዱ

በጆሮ ልክ የሚሠራው ማዳመጫ ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ መልካምነቱ የሚወሰነው ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እርሱም ልክ መውሰዱ ነው።

ባለሙያው በመጀመሪያ በመብራት የጆሮውን ቀዳዳ ያያል። ኩክ ከሞላበት መጀመሪያ ይጸዳል። ጆሮው የሚመግል ከሆነ፣ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ፣ ወይም ቀደም ሲል የጆሮ ቀዶ ጥገና ከነበረ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ሳያየው ልክ መውሰድ አይገባም። ከዚያም ክር የታሰረባት ትንሽ ጥጥ ወይም ስፖንጅ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ ሥራዋ የሚፈስሰው ሲሊኮን ታምቡሩ ዘንድ እንዳይደርስ መከልከል ነው። ይህችን ጥጥ ሳያስገባ ሊያፈስስ የሚፈልግ ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ሲሊኮኑ በአምስት ደቂቃ አካባቢ ይረጋል፤ ቅርፁ ይወጣና ለሠሪው ይላካል።

እዚህ ላይ ለሚያዜሙ ሰዎች አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። የመንጋጋ መገጣጠሚያ የሚገኘው ከጆሮው ቀዳዳ ፊት ለፊት ነው። እስቲ ትንሿን ጣታችሁን ጆሯችሁ በር ላይ አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱና ዝጉ። የቀዳዳው ግድግዳ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል። አፍ ተዘግቶ የተወሰደ ልክ አፍ ሲከፈት ያፈስሳል፤ የውጭ ጩኸት ይገባል፤ አዜሚው ድምፅ ይጨምራል። ስለሆነም አዜሚ ልክ ሲወሰድለት በጥርሱ መካከል ነገር ነክሶ አፉን ከፍቶ መቆየት አለበት። ባለሙያው ካላነሣው ልጅዎ ያንሣው።

ማዳመጫው ሲመጣ በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሞከር። አፍ መክፈት፣ ማኘክ፣ ራስን ወዲያና ወዲህ ማዞር፣ ከፍ ባለ ድምፅ ማዜም። በእነዚህ ሁሉ ካልላላ ገጥሟል ማለት ነው። ካመመ ወይም ከላላ ብዙ ሠሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስተካክሉታል፤ ልክ አወሳሰዱም ከጉዞው ቀደም ብሎ መሆን ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። አውሮፕላን ሊሳፈር ሦስት ቀን ሲቀረው የመጣ ማዳመጫ እያሳመመም ቢሆን ይደረጋል። ለታዳጊ ልጆች ደግሞ ጆሯቸው ስለሚያድግ እንዲህ ያለ ወጪ ማውጣት አይመከርም።

ማዳመጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ከሕዝቡ የተነጠለ ይመስለዋል፤ የራሱም ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ይጎላበታል። ይህን ያልለመደ አዜሚ መድረክ ላይ አንዱን ጆሮ አውጥቶ ያንጠለጥለዋል። ይህ እጅግ መጥፎ ልማድ ነው። ሁለቱ ጆሮዎች አብረው ሲሰሙ ድምፅ ይጎላል፤ አንዱ ሲወጣ የቀረው ደካማ ይመስላል፤ አዜሚውም ይጨምርበታል። የወጣው ጆሮ በሞንታርቦ፣ ያልወጣው በማዳመጫ፣ ሁለቱም ይደበደባሉ። መፍትሔው የአዳራሹን ድምፅ የሚያነሣ ማይክ ተተክሎ ጥቂቱ ወደ ማዳመጫው እንዲመጣ የሳውንድ ባለሙያውን መጠየቅ ነው። ድንገት የሚመጣን ኃይለኛ ጩኸት የሚቆርጠው መቆጣጠሪያም መሥራቱ ይረጋገጥ።

ንጽሕናው

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የጆሮን ቆዳ ከውኃና ከተሕዋስያን የሚጠብቅ ቅባት ነው፤ በራሱ ጊዜም ወደ ውጭ ይወጣል። ማዳመጫ ግን መንገዱን ይዘጋበታል፤ ኩኩም ወደ ማዳመጫው ጠባብ ቀዳዳ ይገባል። «ማዳመጫዬ አንዱ ጎን ሞተ» ተብሎ ከሚቀርበው አቤቱታ ብዙው መሣሪያው ተበላሽቶ ሳይሆን ቀዳዳው በኩክ ተደፍኖ ነው።

ስለዚህ ከጆሮ በወጣ ቁጥር ገላው በለስላሳና ደረቅ ጨርቅ ይጠረግ። ቀዳዳው አብራው በምትመጣው ትንሽ ብሩሽ ወይም ቀለበት ጫፍ ባላት መሣሪያ ይጸዳል። ሲጸዳ ቀዳዳው ወደ መሬት ይዘቅዘቅ፤ ካልሆነ የሚፈረፈረው ኩክ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይወድቃል። በነጋታው ጠዋት ኩኩ ደርቆ ስለሚያድር ይበልጥ ይቀላል። በመርፌ ጠልቆ መቆፈር፣ በአፍ መንፋት፣ ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም። አልኮል ከጠንካራ ፕላስቲክ ለተሠራው ገላ ብዙ ሠሪዎች አይመክሩትም፤ ወደ ቀዳዳው ማንጠባጠብማ ጭራሽ። ጫፉ ላይ የሚሰካ የሲሊኮን ጎማ ያለው ተራ ዓይነት ከሆነ ጎማው ወልቆ በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ ግን አይመለስም። የስፖንጁ ዓይነት ሲቆሽሽና መንፋት ሲያቅተው ይጣላል።

ሁለተኛው ጠላት ላብ ነው። አንድ ሰዓት ያዜመ ሰው ማዳመጫውን በላብ አርጥቦ ነው የሚያወጣው። ያንን ወዲያው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ከትቶ መዝጋት ሻጋታ ማርባት ነው። መጀመሪያ ይጠረግ፤ ከዚያም እርጥበት የሚመጥጥ ነገር ባለበት ሣጥን ይደር። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት «አትብሉ» የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት ሲሊካ ጄል ትባላለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። በቀለም የሚናገረው ዓይነት ሲጠግብ ቀለሙን ይለውጣል። ከሕፃናት ግን ይራቅ። ለማድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ፣ መኪና ውስጥ መስታወት ሥር፣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ገላውን ያጣምማል።

ማዳመጫ ለወንድምም አይዋስም። «ጠርገህ ስጠኝ» የሚለው አያዋጣም፤ የጆሮ ቁስል አምጪዎች በጨርቅ አይለቁም። ጆሮ ሲያሳክክ፣ ሲያብጥ፣ ፈሳሽ ሲያወጣ ማዳመጫው ይቁም። ጤና አዳም ጨምቆ ወይም ዘይት አሙቆ ጆሮ ውስጥ ማንጠብጠቡ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ጉዳቱን ያብሳል። ስለ ክብሪት እንጨት፣ ስለ ስክርቢቶ ክዳንና ስለ ፀጉር ሽቦ ደግመን አንናገርም፤ ባለፉት ዓመታት ተናግረን ደክሞናል።

ለመንገድ

በሻንጣ የሚሄደውና በእጅ የሚያዘው ይለይ። ማዳመጫው፣ መለዋወጫ ገመዱ፣ የሊቲየም ባትሪና ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የሊቲየም መለዋወጫ ባትሪ በታችኛው ጭነት አይፈቀድም። ገመዱ ጣት ላይ ተጠብቆ ሳይጠመጠም በሰፊው ይጠቅለል። ተራ ዓይነት ርካሽ ማዳመጫም ለመጠባበቂያ ይያዝ፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ቢጠፋ ከሌላ አገር ማስመጣት ሳምንታት ይፈጃል። ከጆሮ ሲወጣ ገላው እንጂ ገመዱ አይጎተት። የቀኙ በቀይ፣ የግራው በሰማያዊ ምልክት ይደረግበታል፤ «ቀይ ለቀኝ» ብሎ መያዝ ነው። ያለ ገመድ የሚሠራው የሬዲዮ ሞገድም ከአገር አገር ይለያያል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ በ600 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሠሩ ብዙ የቆዩ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ወዲህ ተከልክለዋል። ይህን የሳውንድ ባለሙያው አስቀድሞ ይጠይቅ።

አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋው ማዳመጫ ይውጣ። በዚያን ሰዓት የአየር ግፊቱ ስለሚለዋወጥ መዋጥና ማዛጋት ይረዳል። ሕፃን የያዛችሁ እናቶችም በዚያች ሰዓት ጡት ብታጠቡት ልቅሶው ይቀንሳል።

ከመድረክ ላልወጣን

ይህ ሁሉ የአዜሚዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየቤታችን ልጆች ኤርፎን ሰክተው ያድራሉ። ቲላዋ ይሁን ትምህርት ይሁን ጨዋታ፣ ጆሮ የሚያውቀው የድምፁን ብርታትና የሰዓቱን ርዝመት ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ የሞተሩን ጩኸት ለመብለጥ የተጨመረ ድምፅ ከታክሲ ከወረዱም በኋላ እንደዚያው ይቀራል። ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆማችሁ በተራ ድምፅ ስታናግሩት የማይሰማችሁ ልጅ ድምፁን ይቀንስ።

ሌላው ነገር ውዱእና ገላ መታጠብ ነው። ጆሮን በእርጥብ ጣት ካበስን በኋላ፣ በተለይም ገላችንን ታጥበን ውኃ ከገባበት በኋላ፣ ወዲያው ማዳመጫ መወተፍ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ያሳከከው ጆሮ ይታከካል፤ የታከከው ይቆስላል። ራስን ዘንበል አድርጎ ውኃውን ማፍሰስ፣ የጆሮውን በር በፎጣ ጫፍ ማድረቅ፣ ጥቂት መጠበቅ ይበቃል።

የመስሚያ መርጃ የሚጠቀሙ አባቶችና እናቶችም ከላይ ያልነው ሁሉ ይመለከታቸዋል፤ ኩኩም ላቡም ያው ነው። በተለይ ለሐጅና ለዑምራ ወደ መካ ሙቀት የሚጓዙ ማድረቂያ ሣጥንና በቂ ባትሪ ይያዙ። ተለጣፊ ወረቀት ያለባት የአዝራር ባትሪ ወረቀቷ የሚላጠው ልትገባ ስትል ብቻ ነው፤ ቀድማ ከተላጠች ሳትሠራ ትሞታለች። ማታ የባትሪው ቤት ተከፍቶ ይደር።

እህታችን፣ ወደ ልጅዎ እንመለስ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂድና የመስማት ምርመራ ያድርግ፤ ወረቀቱም ይቀመጥ። ከጉዞው ሲመለስ ኢንሻአላህ ድጋሚ ይመርመርና ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይታዩ። የሮክ ቡድኑ ኤሲ ዲሲ አቀንቃኝ ብራያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2016 ፈጽሞ የመደንቆር አደጋ እንዳለበት ሐኪሞች ነግረውት በጉዞ መካከል መድረኩን ጥሎ ለመውረድ ተገድዷል። እርሱ በዚያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ የእርስዎ ልጅ ገና ሃያ ሁለት ነው። በጉዞው ላይ ጩኸቱ አድሮ ካልጠፋ የሚቀጥለውን ምሽት ይረፍ። አንዱ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ ዝግጅቱ እስኪያልቅ፣ አገሩም እስኪገባ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን እዚያው ያለ ሐኪም ይየው፤ ለዚህ ሕመም የሚሰጠው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።